ፒኤቹን ብቻ አይታችሁ ውሃው ደህና ነው አትበሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ስለ ዓሳ ኩሬና ስለ አኳሪየም ውሃ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት። መጻፋችሁ ራሱ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም ስለ ዓሳ ሲወራ ሁሉም ሰው ስለ መኖው ስለ ዘሩ ስለ ኩሬው ስፋት ያወራል እንጂ ውሃውን ማንም አያነሳውም። ግን ጸሐፊው ሶስት ነገር ብለዋል፣ አንደኛ ለዓሳ ትክክለኛው ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) 7 ነው ከሱ ከወጣ አስተካክሉት፣ ሁለተኛ ውሃው ጥርት ካለ ንጹህ ነው፣ ሶስተኛ የቧንቧ ውሃ አንድ ሌሊት ካደረ ዓሳ ማስገባት ይቻላል። ሶስቱም ላይ ቅሬታ አለኝ፣ በተለይ የመጀመሪያው ላይ፣ እሱን አምኖ ፒኤች አስተካክላለሁ ሲል ዓሳውን የሚፈጅ ሰው ብዙ ስለሆነ።

ፒኤች 7 ማለት እኮ ውሃው አሲድም (ከ7 በታች) ቤዝም (ከ7 በላይ) አይደለም ማለት ነው፣ በቃ፣ ለዓሳ ተመርጦ የወጣ ቁጥር አይደለም። ሶረንሰን የሚባለው የዴንማርክ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1909 መለኪያውን ሲያወጣው የሚሰራው የቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነበር፣ ዓሳ የሚባል ነገር ሀሳቡም ውስጥ የነበረ አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፣ ከ7 ወደ 8 መሄድ አንድ ቁጥር ብቻ ይመስላል እንጂ የአሲድነቱ መጠን በ10 እጥፍ ነው የሚለወጠው፣ ከ7 ወደ 9 ደሞ 100 እጥፍ። ስለዚ ትንሽ ነው የተለወጠው ብሎ ማለፍ አይሰራም።

ዓሳዎቹ ራሳቸው ደሞ በ7 አልተስማሙም። አማዞን ውስጥ ሪዮ ኔግሮ የሚባለው ወንዝ ከ5 በታች ይወርዳል፣ እዛ ተወልደው እዛ የሚያድጉ ትናንሽ ውብ ዓሳዎች አኳሪየም ውስጥ እንደ ጌጥ የምናያቸው ናቸው። ታንጋኒካ ሀይቅ ደሞ ወደ 9 የሚጠጋ ነው፣ የሱንም ዓሳዎች አኳሪየም ውስጥ እናያቸዋለን። ኩሬ ላይ የሚረባው ቆሮሶ ከ6.5 እስከ 9 ባለው ውሃ ውስጥ ያለችግር ያድጋል። ከሁሉም የሚገርመኝ ኬንያ ውስጥ ማጋዲ ሀይቅ ያለው የቆሮሶ ዘመድ ነው፣ ፒኤቹ 10 አካባቢ በሆነ ሶዳ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሌሎች ዓሳዎች የሰውነታቸውን ቆሻሻ በአሞኒያ መልክ በስንጥባቸው ሲያስወጡ እሱ ግን እንደ እኛ ወደ ዩሪያ ቀይሮ ያስወጣዋል፣ በዛ ፒኤች አሞኒያው እንደልብ ከሰውነቱ ሊወጣለት ስለማይችል። የኔ ጉዳይም እዚ ላይ ነው ያለው፣ ፒኤች ዓሳውን በቀጥታ ከሚነካው ይልቅ አሞኒያውን ምን ያደርገዋል የሚለው ነው ዋናው።

አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሲገባ በሁለት መልክ ነው የሚቀመጠው። አንደኛው አሞኒየም ነው፣ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው፣ በስንጥብ በኩል በቀላሉ ስለማያልፍ ብዙም አይጎዳም። ሁለተኛው ራሱ አሞኒያው ነው፣ ጋዝ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ደም የሚገባው፣ ገዳዩ እሱ ነው። ቴስት ኪት ገዝታችሁ ስትለኩ የሚነግራችሁ የሁለቱን ድምር ነው እንጂ የገዳዩን ብቻ አይደለም። የትኛው ስንት ነው የሚለውን የሚወስነው ደሞ ፒኤቹና ሙቀቱ ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤች 7 ላይ ከድምሩ መርዛማው ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፣ 8 ላይ 5 በመቶ ይሆናል፣ 9 ላይ 36 በመቶ ይደርሳል። እስቲ አስሉት፣ ኪቱ 1 ሚሊግራም በሊትር ካለ 7 ላይ መርዛማው 0.006 አካባቢ ነው፣ ምንም አይልም፣ 8 ላይ 0.05 ይደርሳል፣ ስንጥብ መጎዳት የሚጀምረው እዛ አካባቢ ነው፣ 9 ላይ ደሞ 0.36 ገባ። አንድ አይነት ውሃ፣ አንድ አይነት የኪት ቀለም፣ ውጤቱ ግን ሰማይና ምድር። ሙቀቱም እንደዛው ነው፣ ፒኤች 8 ላይ ሆኖ ውሃው 20 ዲግሪ ከሆነ መርዛማው 4 በመቶ ገደማ ነው፣ 30 ዲግሪ ከሆነ 7.5 በመቶ። ታዲያ ፒኤች ብቻ ለክቶ "ደህና ነው" ማለት ምኑን ደህና ማለት ነው? አሞኒያ ብቻ ለክቶ መደናገጥም ያው ነው።

ኩሬ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ "የኔ 7.2 ነው፣ ለክቻለሁ" ይላል። መቼ ለካህ ሲሉት ጠዋት ይላል። ዋናው ነገር እሱ ነው! አረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ፒኤች አንድ ቦታ ቆሞ አይውልም። ሌሊት ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌውም ዓሳውም ጭቃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያም ሁሉም ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፣ እሱ ውሃ ውስጥ አሲድ ስለሚሆን ፒኤቹ ይወርዳል። ፀሀይ ስትወጣ አልጌው ያንን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መብላት ይጀምራል፣ ፒኤቹ ይወጣል ይወጣል ከሰዓት 9 ሰዓት 10 ሰዓት ላይ ጣራ ይነካል። ጠዋት 7.2 የነበረው ኩሬ ከሰዓት 9 ቢያልፍ የተለመደ ነገር ነው፣ በተለይ አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው ፒኤቹን ባለበት የመያዝ አቅሙ፣ ዝቅተኛ ከሆነ። አሞኒያው መርዝ የሚሆነው እንግዲህ ባለቤቱ ምሳውን በልቶ አረፍ ባለበት ሰዓት ነው።

ኦክስጅኑ ደሞ ቀን ከፒኤቹ ጋር ይወጣል፣ ማታ አብሮት ይወርዳል፣ ዝቅ የሚለው ጎህ ከመቅደዱ በፊት ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ዓሳዎቹ ንጋት ላይ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ከታዩ ርቧቸው ነው ብሎ መኖ የሚበትን ሰው አለ፣ ኧረ በፈጣሪ! መኖው ራሱ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅን ነው የሚጨርሰው። ውሃ 20 ዲግሪ ላይ ሲሆን ቢበዛ 9 ሚሊግራም በሊትር ኦክስጅን ነው የሚይዘው፣ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 7.5 ይወርዳል፣ ይሄ ደሞ በባህር ጠለል ላይ ነው፣ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ኩሬ ከዛ ላይ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀነስበታል። ብዙ ዓሳ ከ5 በላይ ነው የሚፈልገው። ሰማዩ ለተከታታይ ቀናት ደመና ሆኖ ሲሰነብት አልጌው ቀን በደንብ ሳይሰራ ማታ ማታ ግን መተንፈሱን አያቆምም፣ ብዙ ኩሬ የሚያልቀው እንደዚ አይነት ሳምንት ላይ ነው፣ ሰው ግን በሽታ ገባ ይላል። ሌላው የሚያሳስተው አምባዛ ነው፣ እሱ ከውጭ አየር መሳብ የሚችል ተጨማሪ አካል ስላለው ኦክስጅን ባለቀበት ውሃ ውስጥ ሲገላበጥ ይውላል፣ "አምባዛዬ ምንም አልሆነ፣ ቆሮሶው ብቻ ነው ያለቀው፣ ስለዚ ውሃው ደህና ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መልሱ ይሄ ነው።

አሁን ጸሐፊው "አስተካክሉት" ወዳሉት ልምጣ። በምን ነው የሚስተካከለው? ሰው የሚያደርገው ይታወቃል፣ ለማውረድ አቼቶ ወይ ሎሚ ወይ አሲድ፣ ለማውጣት ኖራ። አቼቶ ጠብ ሲደረግበት ፒኤቹ ይወርዳል፣ በማግስቱ ተመልሶ እዛው ነው፣ እንደገና ይጨመራል፣ እንደገና ይመለሳል፣ ዓሳው ደሞ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ይንገላታል፣ ፒኤች 8 ላይ ዝም ብሎ ቢቆይ ግን ምንም ባልሆነ ነበር። እንዲህ የሚመልሰው ነገር አልካሊኒቲ ይባላል፣ አኳሪየም ሰዎች ኬኤች ይሉታል፣ ውሃው ውስጥ የሟሟ ባይካርቦኔትና ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ሲገባ እየዋጠ ፒኤቹን ባለበት የሚይዝ እንደ መኪና ባሎስትራ ያለ ነገር። እሱ እስኪያልቅ ድረስ ፒኤቹ ብዙም አይነቃነቅም፣ ያለቀ ቀን ግን አንዴ ነው የሚወድቀው። ጽሁፉ ውስጥ አልካሊኒቲ የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም፣ እኔን ብዕር ያስነሳኝ ከሁሉም በላይ ይሄ ነው።

ለምን ያልቃል ካላችሁ፣ ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው የሚበሉት። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ከዛ ወደ ናይትሬት ሲቀይሩ ለእያንዳንዱ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 7 ግራም ገደማ አልካሊኒቲ ይጨርሳሉ፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ። 1 ኪሎ መኖ ተበልቶ 30 ግራም ገደማ አሞኒያ ያወጣል፣ ስለዚ ባክቴሪያዎቹ ሁሉንም ከሰሩት በ1 ኪሎ መኖ 200 ግራም የሚሆን አልካሊኒቲ ተበላ ማለት ነው። ውሃ የማይቀየርለት አኳሪየም ወይም ታንከር ውስጥ ይሄ በዝምታ ይሄዳል፣ ወር ሁለት ወር፣ ከዛ ኬኤቹ ዜሮ ይጠጋል፣ ፒኤቹ 6 እና ከዛ በታች ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎቹ በዛ አሲድ ውስጥ ስራ ያቆማሉ፣ አሞኒያ ይከማቻል። ዓሳዎቹ ግን አይሞቱም! ፒኤቹ ዝቅ ስላለ የተከማቸው ሁሉ በአሞኒየም መልክ ነው ያለው። ባለቤቱ አንድ ቀን "ውሃው ቆሽሿል" ብሎ ግማሹን ደፍቶ ፒኤቹ 8 የሆነ አዲስ ውሃ ይሞላል፣ አሞኒየሙ በደቂቃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይገለበጣል፣ ማታውን ዓሳዎቹ ተገልብጠው ይገኛሉ። ከዛ "ውሃ መቀየር ዓሳ ይገላል" የሚል ወሬ ይነዛል። እንደዚ አይነት ውሃ ያለው ሰው በአንዴ ሳይሆን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ አንድ አስረኛ ያህል እየቀየረ ነው መመለስ ያለበት።

አልካሊኒቲ ለማሳደግ አኳሪየም ላይ ተራ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፣ 100 ሊትር ውሃ ላይ 8 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ብታሟሙ በሊትር 50 ሚሊግራም ይጨምራል፣ እሱንም በአንድ ቀን አታድርጉት ከፋፍሉት። ኩሬ ላይ አልካሊኒቲው በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ አልጌውም በደንብ አይበቅልም፣ ፒኤቹም በቀን ውስጥ ሲዘል ይውላል፣ መፍትሄው ኖራ ነው ግን የትኛው ኖራ የሚለው የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። የግብርና ኖራ የሚባለው ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሟሟል፣ ዓሳ ያለበት ኩሬ ላይም ቢሆን አይጎዳም። የተቃጠለው ኖራ፣ ግንባታ ላይ የምናውቀው፣ እሱ ፒኤቹን ከ11 በላይ ሊወስደው ይችላል፣ ውሃው የተደፋ ባዶ ኩሬ ለማጽዳት ካልሆነ ዓሳ ያለበት ቦታ አይነካም። ጽሁፉ "ኖራ ጨምሩ" ብሎ ዝም ነው ያለው፣ እባካችሁ እዚ ላይ እርማት አውጡ።

ጥርት ያለ ውሃ ንጹህ ነው የሚለው ላይ ብዙ አልሄድም፣ አሞኒያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም፣ ውሃው እንደ መስታወት ሆኖ ዓሳው ሊያልቅ ይችላል። እንደውም ኩሬ ላይ መጠነኛ አረንጓዴነት ለቆሮሶ ምግብም ነው፣ አሞኒያውንም አልጌው ይወስደዋል። መጠኑን ለማወቅ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ አስሮ ማውረድ ነው፣ ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ላይ ከዓይን ከጠፋ ጥሩ ነው፣ ከ20 በታች ከሆነ አልጌው በዝቷል፣ መኖና ፍግ ቀንሱ።

ናይትራይትን ግን ማለፍ አልችልም። አዲስ አኳሪየም ላይ ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፣ እሱ ሲወርድ ናይትራይት ይወጣል፣ እሱም ሲወርድ ነው ዓሳ በደንብ የሚገባው። አንድ ሌሊት አሳድሮ ዓሳ ማስገባት ይህን ሁሉ ዓሳው ላይ መስራት ነው። ናይትራይት ደም ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢኑን ስለሚለውጠው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ውሃው ኦክስጅን ሞልቶት ዓሳው ይታፈናል፣ ስንጥቡን ገልጣችሁ ስታዩት ከቀይ ወደ ቸኮሌት ቡኒ ሄዷል። ለዚ ደሞ የሚገርም ርካሽ መድሃኒት አለ፣ ጨው፣ ያው ተራው ጨው። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ስንጥቡ ላይ ከናይትራይቱ ጋር በር ስለሚሻማ እንዳይገባ ያደርገዋል። 1000 ሊትር ላይ 165 ግራም ገደማ ጨው በሊትር 100 ሚሊግራም ክሎራይድ ይሰጣል፣ ዓሳ አርቢዎች ለመከላከያ የሚጠቀሙበት መጠን በዚ አካባቢ ነው። ናይትራይቱን አያጠፋውም፣ ጊዜ ነው የሚገዛላችሁ። እግረ መንገዴን፣ የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ የምታጥቡ ሰዎች ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ፈጅቶ ከመጀመሪያው እንድትጀምሩ ያደርጋችኋል፣ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት።

ስለ ክሎሪን ካነሳን፣ ክሎሪን ብቻ ከሆነ አዎ ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ከዋለ፣ በተለይ የአየር ፓምፕ ከገባበት ይበናል፣ እዛ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ብዙ ቦታ ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው ማለት ነው፣ የተሰራውም ቶሎ እንዳይበን ተብሎ ነው፣ አንድ ሌሊት አይደለም ቀናትም ቢቀመጥ እዛው ሊገኝ ይችላል። በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም ያነሰ ክሎሪን እንኳ ስንጥብ ይጎዳል። ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባለው ኬሚካል ክሎሪኑን ወዲያው ይገለዋል፣ ክሎራሚን ላይ ሲገባ ግን ጥምረቱን ሰብሮ አሞኒያውን ነጻ ይለቀዋል፣ ስለዚ ዞሮ ዞሮ ፒኤቹ ስንት ነው ወደሚለው ጥያቄ ተመለስን። የናንተ ሰፈር ውሃ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ጠቅላላ ክሎሪን የሚለካ ኪት ገዝታችሁ ያደረውን ውሃ መለካት ነው፣ አሁንም ካሳየ ክሎራሚን ነው ብላችሁ ያዙት።

አንድ ሌላ ነገር፣ ጽሁፉ ላይ አዲስ ዓሳ በፕላስቲክ ከረጢት ሲመጣ "ከረጢቱን ከፍታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀስ በቀስ አዲሱን ውሃ ጨምሩበት" ተብሏል። ከቅርብ ለመጣ ዓሳ ችግር የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ለመጣ ዓሳ ግን አደገኛ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ዓሳው ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፣ ፒኤቹ ይወርዳል፣ አሞኒያውም ተከማችቷል ግን ፒኤቹ ዝቅ ስላለ በአሞኒየም መልክ ተኝቷል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይዘላል፣ አሞኒያው ይነሳል፣ ዓሳው እዛ መርዝ ውስጥ ሆኖ አንድ ሰዓት "እየተለማመደ" ነው። ከረጢቱን ሳትከፍቱ ውሃው ላይ አንሳፍፉትና ሙቀቱ እኩል ይሁን፣ ከዛ ከፍታችሁ ቶሎ ዓሳውን ብቻ በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፣ የከረጢቱን ውሃ ድፉት። ሙቀቱና ፒኤቹ ከመላኪያው ቦታ ጋር ተቀራራቢ እንዲሆን አስቀድሞ ጠይቆ ማዘጋጀት ነው የሚሻለው።

በጥንካሬ ስም የሚጠራው ጂኤች ላይ ብዙ አልቆይም፣ እሱ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፣ ከኬኤች ጋር አንድ እየተደረገ ይነገራል ግን የተለያዩ ናቸው፣ ሳሙና እምቢ ካለው ውሃ ጂኤቹ ከፍ ያለ ነው፣ ፒኤቹን የሚይዘው ግን ኬኤቹ ነው።

አዘጋጆች፣ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በቀጣዩ እትማችሁ እንደ ፒኤቹና እንደ ሙቀቱ መርዛማው አሞኒያ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አትሙልን፣ አንባቢ ቆርጦ ከኪቱ ጋር ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከጎኑ ደሞ ኪት ሲገዛ ከፒኤች በፊት አልካሊኒቲና አሞኒያ ያለው ጠብታ ኪት እንዲመረጥ፣ ኩሬ ከሆነ ጎህ ሳይቀድና ከሰዓት 9 ሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ እንዲለካ ጻፉበት። ሙሉ ሰንጠረዡን ለማውጣት ቦታ ከጠበባችሁ የ25 ዲግሪውን መስመር ብቻ ከፒኤች 7 እስከ 9.5 አውጡት፣ ግማሽ ዓምድ አይፈጅም።

አክባሪያችሁ
ዓሳ አርቢ የሆነ አንባቢያችሁ